ለእጮኞች ፎቶግራፍ ክረምትም ያመቻል

ልጅዎ ቀለበት ልታስር ነው እንበል። ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል፤ እጮኞቹ ግን ከዚያ በፊት አብረው ፎቶግራፍ መነሣት ፈልገዋል። ወሩ ነሐሴ፣ ደጁም ጭቃ ነው። «በዚህ ዝናብ የት ይወጣል?» ይባልና የስቱዲዮ መጋረጃ፣ የኪራይ ልብስና የኪራይ መኪና ይታሰባል። በዚህ መንገድ በአንድ ቀን የሚወጣው ገንዘብ ለአዲሱ ጎጆ ስንት ዕቃ ሊገዛ እንደሚችል እርስዎ ይበልጥ ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ክረምት ለፎቶግራፍ የሚፈራ ወቅት አይደለም። የበጋ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍ ዓይን ያስጨፍናል፤ ከቅንድብና ከአፍንጫ ሥርም ጥቁር ጥላ ይጥላል። ደመና ግን ብርሃኑን እንደ ስስ ነጠላ አጣርቶ በፊት ላይ እኩል ያሰራጨዋል። በዝናብ የታጠበ የድንጋይ ንጣፍም ያብረቀርቃል። እንግዲህ የሚያስፈልገው በዕቅድ መሥራት ነው።

መጀመሪያ ቀኑና ሰዓቱ ይወሰን። በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ለሠራተኞች እሑድ ይመቻል፤ መንገዱም ጭር ይላል። ቤተሰቡ ጾመ ፍልሰታን የሚጾም ከሆነ ከነሐሴ 16 በኋላ ማድረጉ ይሻላል። ዝናቡ እንቢ ቢል ደግሞ ሁለተኛ ቀን አስቀድሞ ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር መነጋገር ይገባል። የሚያስረክበው የፎቶግራፍ ብዛትና ዋጋው በጽሑፍ ቢሰፍር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ቦታውን በተመለከተ ፒያሳን እንውሰድ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. ከቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተነሥቶ፣ የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል እስከሚባለው እስከ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል። ቦታዎቹ ይበቃሉ፤ አሥር ቦታ መሯሯጥ ግን እጮኞቹን ያደክማል። ሆቴል ሲገቡ ቡና አዝዞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ያለ ፈቃድ ካሜራ ይዞ አለመግባት፣ የሚጸልዩ ሰዎችንም አለማንሣት የጨዋ ልጅ ወግ ነው። የሰው ደጃፍ የሚያምር ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ባለቤቱን ሰላም ማለት ይቀድማል።

ስለ ልብስ ሲታሰብ ብርዱ አይረሳ። መሬት የሚጠርግ የሐበሻ ቀሚስ ጭቃ ይጠጣልና ጠርዙ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ቢል መልካም ነው። ከላይ ኩታ ወይም ጋቢ ቢደረብ ያሞቃል፤ ለዓይንም ደስ ይላል። ለመንገዱ ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ ደህናውን ጫማ በፌስታል መያዝ ይቻላል። ጃንጥላው ጥቁር ወይም ነጭ ይሁን፤ ቀይ ጃንጥላ መልኩን ፊት ላይ ይጥላልና። የካሜራውን መስታወት መጥረጊያ ደረቅ ጨርቅም ከቦርሳ አይጥፋ።

ፎቶግራፍ አንሺው «ሳቁ! ቀና በሉ!» ባለ ቁጥር ፊት ይደርቃል። ይልቁንስ እጮኞቹ በአንድ ጃንጥላ ሥር እየተጫወቱ ይራመዱ፤ ስኒ ይዘው እጃቸውን ያሙቁ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በማፈር ያልፋሉ፤ ደህናው ፎቶግራፍ የሚገኘው ካሜራውን ሲረሱት ነው። አቅም ካነሰም ሥራውን የሚያውቅ ወንድም በእጅ ስልኩ ሊያነሣቸው ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አደራ እንላለን። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛውረዋል። በቤታቸው ደጃፍ ፎቶግራፍ የተነሡ ቤተሰቦች ዛሬ ያንን ደጃፍ የሚያዩት በፎቶግራፉ ላይ ብቻ ነው። ያልተነሡት ደግሞ ለልጆቻቸው «እዚህ ጋ ነበር» እያሉ በጣት ከማመልከት በቀር የሚያሳዩት የላቸውም። ስለዚህ እጮኞቹ ወደ ፒያሳ ከመውጣታቸው በፊት እርስዎ ልጅዎን ካሳደጉበት ደጃፍ ላይ፣ ቆርቆሮውም ቢዝግ፣ ግድግዳውም ቢላላጥ፣ አንድ ፎቶግራፍ ይነሡ። ሁለቱ እናቶችም ከመካከላቸው ይቁሙ። «እኔ ምን እሠራለሁ፣ ልጆቹ ይነሡ» ብለው ወደ ጓዳ አይሽሹ።

ፎቶግራፉንም በስልክ ውስጥ ብቻ አይተዉት፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ጥቂቱን በወረቀት አሳትመው፣ ከጀርባው ቀኑንና የሠፈሩን ስም ጽፈው ያኑሩት። የልጅ ልጅዎ አንድ ቀን ገልብጦ ያነበዋል።