በኬቤክ ስለ ሰፈረ ፈረንሳዊ ዘር አቈጣጠር

በካናዳ በኬቤክ የሚኖር ሰው ከፈረንሳይ የመጣውን የመጀመሪያ አባቱን ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ከስሙ ይነሣል። ስም ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ይህም በሉዊ ኤቤር ቤት በግልጥ ይታያል።

ሉዊ ኤቤር በፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1617 ከሚስቱ ከማሪ ሮሌና ከሦስት ልጆቹ ጋራ ወደ ኬቤክ ተሻግሮ መሬት ሲያቀና ቈይቶ በ1627 ሞተ። በወንድ ልጁ በኩል የወረደው ስም ጥቂት ትውልድ ሳይሻገር ተቋረጠ። ስለዚህ ዛሬ ኤቤር የሚባሉት ሰዎች ስማቸውን ያገኙት ኋላ ከመጡ ከሌሎች ኤቤሮች ነው። የመድኃኒት ቀማሚው ዘር የበዛው በሴቶች በኩል፥ ይልቁንም በ1621 ጊዮም ኩያርን አግብታ 10 ልጆች በወለደችው በልጁ በጊዬሜት ነው።

ይህን ለመከታተል የሚረዳው ዋናው ጽሑፍ የቁምስናው የጋብቻ መዝገብ ነው። የሙሽራውንና የሙሽራይቱን ወላጆች፥ ብዙ ጊዜም የመጡበትን ቁምስና ይጠቅሳልና፥ አንዱን ትውልድ ከቀደመው ጋራ ያያይዛል። ደግሞም ሴቲቱ በጽሑፍ እስከ ዕለተ ሞቷ በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ይህ ሚስት በባሏ ስም ለማትጠራበት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። አስቸጋሪው ቅጽል ስም ነው። «ላፍሌር» (አበባው) ተብሎ የተጠራ ወታደር ልጆች አንዱ የአባቱን ዋና ስም፥ ሌላው ቅጽሉን ይዞ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በውል ጸሐፊ ፊት የተጻፈው የጋብቻ ውል ያስታርቃል። መዝገቡም ቢሆን ያለ ምርመራ አይታመንም። የኬቤክ ቤተ ክርስቲያን በ1640 በተቃጠለ ጊዜ የቀድሞው መዝገብ ስለ ጠፋ፥ ካህናቱ ከምእመናን ትዝታ እየጠየቁ እንደ ገና ጻፉት። እንግዲህ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ጽሑፍ የሚባለው በመሠረቱ የቃል ምስክርነት ነው።

በጊዬሜትና በባሏ ቤት ግን ሌላ ሰውም ይኖር ነበር። በ1629 እንግሊዞች ኬቤክን ሲይዙ ከአፍሪካ ወገን ያመጡት፥ ከማዳጋስካር እንደ ሆነ የሚነገርለት ብላቴና ተሽጦ ኋላ ወደ ኩያር ቤት ገባ። በ1633 ተጠምቆ ኦሊቪዬ ተባለ፤ ሌላውን ስሙን ለ ዠንን ያገኘው ካስተማረው ኢየሱሳዊ ካህን ነው። በ1654 ሲቀበር «የቤት አገልጋይ» ተብሎ ተጻፈ። የማን ልጅ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ጽሑፍ የለም፤ ልጅ መውለዱም አይታወቅም። የሥጋ ዘመድን ብቻ እየለየ የሚቀዳ ዘር ቈጣሪ ይህን ሰው ያልፈዋል፤ ቤተ ሰቡን በሙሉ የሚቀዳ ግን ያገኘዋል። ታሪክ ጸሐፊው ማርሴል ትሩዴል በ1960 ባሳተመው ጥናት ከእንዲህ ያሉ መዛግብት 4,000 ያህል ባሮችን ለይቶ አውጥቷል፤ የሚበዙትም የዚያው አገር ጥንተ ተወላጆች ነበሩ።