ደንገል ከሥሩ ቁራጭ ሲተከል

ቆጋ አካባቢ ያላችሁ ተከታታዮቼ «የደንገል ዘር ከየት ይገኛል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዘሩን ተዉት። ደቃቅ ነው፤ ቢበቅል እንኳ ከከብት እግርና ከውኃ ሙላት የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። በቁራጭ መትከል ይሻላል።

ሥር የምንለው በጭቃው ውስጥ ወደ ጎን የሚሄደው ወፍራም አካል፣ የዕፅዋት ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ግንድ ነው። እንደ ድንች ዓይን አለው። የጥንት ግብፃውያን የደንገልን የታችኛውን ክፍል በጋለ ምድጃ ጠብሰው ይበሉ እንደነበር የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ ጽፏል። ጣና ላይ ግን ደንገል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ታንኳ ነው።

ከጣና ዳር በስለት ስትቆርጡ እያንዳንዱ ቁራጭ ጤነኛ ዓይንና ቢቻል አንድ ሁለት አገዳ ይኑረው። አገዳውን ከግማሹ ቁረጡት፤ ረጅም ከሆነ ነፋስ እየወዘወዘ ሥር እንዳይይዝ ያደርገዋል። ቁራጩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ውሰዱና ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጭቃው ውስጥ በአግድም አስተኙት። አፈሩ በስሱ ይሸፍነው፤ ውኃውም ከቁርጭምጭሚት አይለፍ። አዲሱ ቡቃያ ከውኃው በላይ ካልወጣ ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እምቦጭ የተባለው ወራሪ የውኃ አረም ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ከታወቀ ወዲህ የሐይቁን ጭቃ ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ቁራጩን እዚያው ጣና ዳር አጥቡት፤ በየሥሩ መካከል የተሰገሰገውን ጭቃ ሁሉ በጣት እያወጣችሁ። «እዚያ ደርሰን እናጥበዋለን» ማለት አይሠራም፤ እጣቢው የሚፈሰው ቆጋ ነው፣ ቆጋ ደግሞ ወደ ግልገል አባይ ይወርዳል።

የቆጋ ግድብ ዳር ራሱ፣ በእኔ ግምት፣ ለደንገል አይመችም። ክረምት ይሞላል፤ በጋ ውኃው ለመስኖ ሲለቀቅ ዳርቻው ይሸሻል፣ ቡቃያውም ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚረጥብ፣ ውኃው ብዙ ከፍ ዝቅ የማይልበት ረግረግ ፈልጉ። ቦይ ውስጥ ግን በጭራሽ እንዳትተክሉ፤ ውኃውን ይዘጋባችኋል። ከብት ለጋውን ስለሚወድ የመጀመሪያውን ዓመት አጥሩለት።

ጣና ዳር ደንገሉ ራሱ እየሳሳ ነው። ከአንድ ቦታ ብዙ አትንቀሉ፤ ከመንቀላችሁም በፊት ኑሯቸው በደንገል የሆነውን የነገደ ወይጦ ሰዎች ጠይቁ። የትኛው ቦታ ቢነካ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ እነሱ ያሳዩአችኋል።