ከትርፍራፊ ክፍሎች የሚሠራ የታንክ ሞዴል

የታንክ ሞዴል ኪት ሲገዛ ክፍሎቹ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደተያያዙ በካርቶን ታሽገው ይመጣሉ። ሠሪው ከፍሬሙ እየቆረጠ ያጣብቃቸዋል፤ ታንኩ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ካርቶኑ ባዶ አይሆንም። አምራቾች አንዱን ፍሬም ለበርካታ ዓይነት ታንኮች ስለሚጠቀሙበት፣ ለተመረጠው ዓይነት የማይፈለጉ ቸርኬዎች፣ የነዳጅ በርሜሎች፣ ክዳኖችና የመድፍ አፈሙዞች ይተርፋሉ። የሆንግ ኮንጉ ድራገን በተለይ በዚህ ይታወቃል። እነዚህ ትርፎች ተጀምረው ከቀሩና ከተሰበሩ ሞዴሎች ጋር ተደምረው ውለው አድረው አንድ ሳጥን ይሞላሉ። ከዚያ ሳጥን አንድ ሙሉ ታንክ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከተለያዩ ኪቶች ክፍል እየነቀሉ አዲስ ነገር መሥራት በፊልም ሥራም የታወቀ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው «ስታር ዋርስ» የጠፈር መንኮራኩሮቹን የሠሩት ባለሙያዎች የታንክ፣ የአውሮፕላንና የመርከብ ኪቶችን ክፍሎች በየመንኮራኩሩ ገጽ ላይ ለጥፈዋል። እዚያ ማንኛውም ክፍል የትም ቢለጠፍ አያስጠይቅም፣ መንኮራኩሩ በእውኑ ዓለም የለምና። ታንክ ግን በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተዋግቶና ፎቶ ተነሥቶ ያለፈ ነገር ነው። ስለዚህ በትርፍራፊ የሚሠራ ታንክ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፤ ልኬቱ መስማማት፣ ቅይጡም በታሪክ ሊኖር የሚችል መሆን።

ልኬቱ በማስመሪያ ወይም በካሊፐር ይፈተሻል። በብዛት የሚሠራበት ስኬል 1፡35 ነው። የዚህ ስኬል መነሻ የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያወጣው በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ነው፤ የሞዴሉ መጠን የተወሰነው ባትሪው ከውስጥ እንዲገባ ተብሎ ነበር፣ ሲለካም ወደ 1፡35 ሆኖ ተገኘ። ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት። በዚህ ስኬል 3 ሜትር ስፋት ያለው የሶቪየቱ ቲ-34 ታንክ 86 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ 83 ሴንቲሜትር የሆነው ቸርኬው ደግሞ 23.7 ሚሊሜትር። ያው ቸርኬ በ1፡48 ወደ 17.3፣ በ1፡72 ደግሞ ወደ 11.5 ሚሊሜትር ይወርዳል። ቸርኬ ላይ ልዩነቱ ገና ሲታይ ይለያል፤ የሚያሳስቱት ትናንሾቹ ናቸው። የ1፡48 አካፋ በ1፡35 ታንክ ጎን ላይ ሲለጠፍ የልጅ መጫወቻ ይመስላል፣ ጀሪካንና የፊት መብራትም እንደዚያው። ተጠቅልሎ የታሰረ ሸራ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ጭቃ ለመሻገሪያ የሚጫነው ግንድ ግን ቋሚ መጠን ስለሌላቸው ከየትኛውም ስኬል ቢወሰዱ ችግር የለም።

ቀጥሎ የሚወሰነው የታንኩ ዓይነት ነው። ሳጥን ውስጥ ያለው የጀርመን ታይገር ቦዲ ከሆነ ሥራው ይጠብባል፣ ታይገር ቁጥሩ ውስን ነበር፣ ለውጦቹም በደንብ ተመዝግበዋል። ቲ-34 ከሁሉም ይመቻል። ምክንያቱም እውነተኛው ቲ-34 ራሱ ቅይጥ ነበር። ጀርመን በሰኔ 1941 (እ.ኤ.አ.) ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ታንኩን ይሠራ የነበረው የካርኮቭ ፋብሪካ ወደ ኡራል፣ ኒዥኒ ታጊል ተነቅሎ ሄደ፤ ታንኩ በስታሊንግራድ፣ በጎርኪና በሌሎችም ከተሞች ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ ፋብሪካ ባገኘው ማሽንና ጥሬ ዕቃ ስለሠራ የቱሬቱ (መድፉን ተሸክሞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) አሠራር፣ የክዳኑ ቅርጽ፣ የቸርኬው ዓይነት ከቦታ ቦታ ተለያየ። የጥገና ቡድኖች ደግሞ ከተመቱ ታንኮች የደህናውን ነቅለው ለሌላው ይገጥሙ ነበር። ዛሬ ሞዴል ሠሪው በጠረጴዛው ላይ የሚያደርገውን ያኔ መካኒኮች በጦር ሜዳ አድርገውታል።

ይህ በግልጽ የሚታየው በቸርኬዎቹ ነው። በጦርነቱ ጎማ ሲጠፋ፣ በተለይ በስታሊንግራድ፣ ዙሪያቸው ጎማ ያልለበሱ የብረት ቸርኬዎች ተሠሩ፤ ጎማው ጥቂት ሆኖ ወደ እምብርቱ ተጠግቶ ገባ። የብረት ቸርኬ ሲሮጥ ይጮኻል፣ ታንኩንም ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ጎማ የለበሱ ቸርኬዎች ሲገኙ ብዙ ጊዜ በአንደኛውና በአምስተኛው ቦታ ይገቡ ነበር፣ መሐሉ ብረት እንደሆነ ይቀራል። ሳጥን ውስጥ ከሁለት ኪቶች የተረፉ ሁለት ዓይነት ቸርኬዎች ካሉ አሰላለፋቸው ይህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የታደሱት ቲ-34/85ዎች (ባለ 85 ሚሊሜትር መድፎቹ) ደግሞ በሶቪየቶቹ ቲ-54/55 ታንኮች ዓይነት፣ እንደ ኮከብ በተዘረጋ ጨረር በተጠናከሩ ቸርኬዎች ይታያሉ፤ የቲ-55 ኪት ትርፍ ለእነርሱ ይሆናል። የሁለቱ ኪቶች የአክስል ቀዳዳ እኩል ስለማይሆን ሰፊው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይጠብባል፣ ጠባቡ በፑንታ ይሰፋል። በቸርኬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን የቦዲው ሆኖ ይቀራል፤ በቲ-34 ላይ ሰፋ ያለው ክፍተት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቸርኬ መካከል ነው፣ በቲ-55 ላይ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል።

ቱሬቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 76 ሚሊሜትር መድፍ ያለው ቲ-34 ቱሬቱ የሚቀመጥበት ቀለበት 1.42 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጣው ባለ 85 ሚሊሜትሩ ቀለበቱ 1.6 ሜትር ሆነ፣ የቦዲው ጣሪያም ለዚሁ ተለወጠ። በ1፡35 ልዩነቱ 5 ሚሊሜትር ነው። ከ85 ኪት የተረፈን ቱሬት በ76ቱ ቦዲ ላይ በግድ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ግን እንዲህ ያለ ታንክ ከፋብሪካ ወጥቶ አያውቅም። ከዚህ ይልቅ ቦዲውን ያለ ቱሬት መተው እጅግ የተሻለ ነው። ቱሬታቸው የተነሣ ቲ-34ዎች የተበላሹ ታንኮችን ለመጎተት በሁለቱም ወገን ያገለግሉ ነበር። ቀለበቱ በፕላስቲክ ሉህ ይዘጋል፣ ክዳን ይገጠምለታል፣ ገመድና የመሣሪያ ሳጥን ይጫንበታል፤ ሳጥኑ ውስጥ ቱሬት ለጠፋበት ሰው ይህ ከሁሉ የሚቀልና የሚያምር ሥራ ነው። ሌላም አለ፤ ግብፅና ሶሪያ በቲ-34 ቦዲ ላይ ባለ 122 ሚሊሜትሩን ዲ-30 መድፍ ጭነዋል።

የማጣበቂያው ዓይነት በክፍሉ ቁስ ይወሰናል። የኪት ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፤ የሞዴል ማጣበቂያ የሚባለው ፈሳሽ ሁለቱን ገጾች አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። በሻጋታ ከፈሰሰ ሬዚን የተሠሩና ከብረት ቅጠል የተቆረጡ ክፍሎች ግን አይሟሙም፣ በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ ይያዛሉ። ሬዚን ከመጣበቁ በፊት ከሻጋታ የተረፈው ቅባት እንዲለቅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሲሞረድም ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በውኃ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ መሥራት ግድ ነው። ከሳጥኑ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ለስላሳዎቹ የቪኒል ሰንሰለቶች ዓመታት ሲቆዩ የሚያለሰልሳቸው ኬሚካል ይወጣና የነካውን ፕላስቲክ ይበላል። ቸርኬ ላይ ተኝቶ የከረመ ሰንሰለት ቸርኬውን አቅልጦ ይገኛል። ስለዚህ ሰንሰለቶች በላስቲክ ለብቻቸው ይቀመጣሉ።

የጎደለው ከፍሬሙ ከራሱ ይሠራል። የፍሬም ቁራጭ ከሻማ ነበልባል በላይ እየተሽከረከረ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከእሳቱ ፈቀቅ አድርጎ ሁለቱን ጫፍ ሲስቡት እንደ ክር ይቀጥናል። ቀስ ብሎ ከተሳበ ወፍራም፣ ፈጥኖ ከተሳበ ፀጉር የሚያህል ይሆናል። ከዚህ አንቴና፣ እጀታና የብየዳ መስመር ይወጣል። ለብየዳ ቀጭኑ ክር በመገጣጠሚያው ላይ ይተኛል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ሲለሰልስ በምላጭ ጫፍ ጎን ለጎን ይጫናል፤ ሲደርቅ የሶቪየትን ብየዳ ሸካራ መልክ ይዞ ይወጣል። የፍሬም ፍርፋሪ በዚያው የማጣበቂያ ፈሳሽ ሲሟሟ ደግሞ ክፍተት የሚሞላ ስቱኮ ይሆናል። የድሮ ኪቶች ቦዲ ከሥሩ ለሞተርና ለመቀየሪያ የተተዉ ቀዳዳዎች ስላሉት እነዚህም በሉህና በስቱኮ ይደፈናሉ። ስቱኮው በፈሳሽ ቀጥኖ በአሮጌ ብሩሽ ጫፍ ሲነካካ የቱሬቱን ቀልጦ በሻጋታ የፈሰሰ ብረት ሸካራነት ያመጣል። ሁለት የተለያዩ ኪቶች ገጽ የሚመሳሰለው በዚህ ነው።

የቲ-34 ሰንሰለት በ1፡35 14.3 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ጥርስ ያለው ማያያዣና ጥርስ የሌለው እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ጥርሱ ከኋላ ባለው አንቀሳቃሽ መዘውር ውስጥ ካሉ ሮለሮች ጋር ይያያዛል። ከሁለት ኪቶች የተረፈ ሰንሰለት ሲቀጠል ይህ ተራ እንዳይፋለስ ያስፈልጋል። ቲ-34 ላይ የላይኛውን ሰንሰለት የሚሸከም ትንሽ ሮለር ስለሌለ ሰንሰለቱ በቸርኬዎቹ አናት ላይ ይተኛል። ተወጥሮ የቆመ ሰንሰለት መላውን ሥራ ያበላሻል፤ በክር ታስሮ ወይም በሱፐር ግሉ ተይዞ እንዲረግብ መደረግ አለበት።

አረንጓዴ፣ ግራጫና ቢጫ የነበሩት ክፍሎች አንድ ታንክ የሚመስሉት ፕራይመር ሲነፋባቸው ነው። ስስ ግራጫ ቀለም ፕላስቲኩን ሁሉ አንድ ያደርግና በዓይን ያልታየ ስንጥቅ፣ የማጣበቂያ አሻራና ያልተሞረደ ጠርዝ ያወጣል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ብርጭቆ ወረቀት መመለስ የተለመደ ነው፣ መቸኮል አይገባም። ከዚያ የሶቪየቱ ጥቁር አረንጓዴ ይቀባል። ከሌላ ታንክ የመጣ ክዳን ወይም ቸርኬ ትንሽ ደብዘዝ ባለ አረንጓዴ ቢቀባ ቅይጡ ሆን ተብሎ የተገለጠ ታሪክ ይሆናል።

ሳጥኑ ለሙሉ ታንክ ካልበቃ ተመትቶ የቀረ ታንክ ይሠራል፤ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ቲ-34 እና ቲ-55 በሁለቱም ወገን ተሰልፈዋል፤ አስመራ ዳርቻ ያለው የታንክ መቃብርም ለዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ ማጣቀሻ ነው። የተቃጠለ ታንክ የቸርኬው ጎማ ነድዶ ባዶ ብረት ይቀራል፣ ቀለሙ ነጭ አመድና ብርቱካናማ ዝገት ይሆናል። ቲ-55ን የመሰለ፣ በቶርሽን ባር (በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ) የቆመ ታንክ ሲሆን እሳቱ የባሩን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ቦዲው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ስለዚህ የቸርኬዎቹ ክንዶች ከመጣበቃቸው በፊት ወደ ላይ መዞር አለባቸው።