ላጲስ የማይለቀው ልጅ



ልጅዎ ደብተሩ እስኪቀደድ እያጠፋ ደግሞ ይጽፋል? በፈተና አንድ ጥያቄ ላይ ቆሞ ሰዓት ያልቅበታል? እጁን ለመታጠብ እየወጣ ትምህርት ያመልጠዋል? ይህ ስንፍናም እምቢተኝነትም ላይሆን ይችላል። ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር (ኦሲዲ) የተባለው የአእምሮ ሕመም ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ይታያል። «የሸይጧን ወስዋስ ነው» ብለን ስናልፈው ሕክምናው ይዘገያል።

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይውሰዱት። ከዚያም ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር ተነጋግረው እነዚህን ይጠይቁ፦

• ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፤
• ረጅሙን መልስ በቃል እንዲመልስ፤
• በተማሪዎች ፊት እንዳይገሠጽ፤
• ሲጨንቀው በምልክት አስፈቅዶ ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ።

ጥንቃቄም ያሻል። «ንጹሕ ነኝ? ልክ ነው?» ባለ ቁጥር መምህሩም እርስዎም ማረጋገጫ ከሰጡት ሕመሙ ይበረታል። ስለዚህ ድጋፉ ከሐኪሙ ጋር በመመካከር ቀስ በቀስ ይቀነስ። ውዱእ ላይም ከ3 ጊዜ በላይ እንዳያጥብ በእርጋታ ያግዙት።

ዋናው ሕክምና ልጁ የሚፈራውን በጥቂት በጥቂቱ እየተጋፈጠ ድግግሞሹን መተው የሚለማመድበት የምክር ሕክምና ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ «አልሠራም» ብለው በራስዎ አያቋርጡ።

ዱዓችንን ከሕክምናው ጋር እናድርግ። አላህ ለልጆቻችን አፊያቸውን ይስጥልን።