ከቦሌ እስከ ደለስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

በተለመደው የመርካተር ዓለም ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በማስመሪያ ብናሰምር፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን አቋርጦ አትላንቲክን ይሻገራል። ይህን መስመር ተከትሎ የሚጓዝ 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አሁን ካርታውን ትተን ሉል እናንሳ። የክር አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዘን ስንወጥረው ክሩ ወደ ሰሜን ሸርተት ይላል፤ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ ስፔንንና ፖርቱጋልን ያልፋል፤ ውቅያኖሱ መሐል ላይ ከዋሽንግተንም በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ይመለሳል። ጎባጣ የሚመስለው ይህ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥ ካለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል።

ጥፋቱ የማስመሪያው ሳይሆን የካርታው ነው። ጌራርዱስ መርካተር እ.ኤ.አ. በ1569 ካርታውን ያወጣው ለመርከበኞች ነበር፤ የኮምፓስ አቅጣጫቸውን ሳይቀይሩ የሚጓዙበት መንገድ ቀጥ ብሎ እንዲታያቸው፣ ወደ ዋልታዎቹ የሚቀርበውን ምድር ለጠጠው። አቅጣጫን ጠብቆ ርቀትን ሠዋ ማለት ነው። የተወጠረው ክር የሚከተለው ግን መሬትን እኩል ለሁለት የሚከፍለውን ታላቅ ክብ ነው። የሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ፣ ከመሬት እምብርት ሲታዩ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ይሰላል። ለቦሌና ለደለስ 104 ዲግሪ ያህል ነው፤ አንዱ ዲግሪ በ111.2 ኪሎ ሜትር ሲባዛ ርቀቱ ይገኛል። መሬት ድቡልቡል ብቻ አይደለችም፣ ወገቧ ሰፋ ይላል የሚል ሰው ልክ ነው። ይሁንና የወገብ ራዲየሷ 6,378፣ የዋልታው 6,357 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በሉል ቀመር የሚመጣው ስሕተት አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በክሩ ላይ በትክክል የሚበር አውሮፕላን ከሌለ ቁጥሩ ምን ይረባል? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ያስቸግራል። ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስም ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገጥመዋል። በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ የሚነሣው በረራ እንደ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ ኖሯል፤ የመልሱ ግን በዝቅተኛ ቦታ ካለው ደለስ ተነሥቶ፣ ነፋሱ ከኋላው እየገፋው፣ አንድ ጊዜም ሳያርፍ ይገባል።

ቁጥሩ የሚረባው እንዲያውም ስለዚህ ነው። ርቀትን በተበረረው መንገድ ብንለካ መሄጃውና መመለሻው ሁለት የተለያዩ ርቀቶች ይሆናሉ፤ የዛሬውም ከነገው ጋር አይገጥምም። የአውሮፓ ኅብረት ለተሰረዘ በረራ የሚከፈለውን ካሣ በወሰነበት የእ.ኤ.አ. 2004 ደንብ ርቀቱ በታላቅ ክብ እንዲለካ ያዘዘበት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። የካሣው መጠን 1,500 እና 3,500 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚለወጥ፣ አየር መንገዱም ተሳፋሪውም ነፋስን ወይም የመንገድ ላይ ማረፊያን ሰበብ አድርገው ሊያስረዝሙት ወይም ሊያሳጥሩት የማይችሉት ልክ ያስፈልጋል።