ቶክኑን ያመጣው ማን ነው?

የፒያሳ ወርቅ ቤቶች እንደ ድሮው ተደርድረው በነበሩበት ዘመን ቀለበት ለማስጠበብ የሰጠ ሰው ቁራጭ ወረቀት ተቀብሎ ይሄዳል እንበል፡፡ በቀጠሮው ቀን ወረቀቱን ይዞ የመጣው ግን ሌላ ሰው ነው፡፡ ወርቅ ሠሪው ሁለት ጥያቄ አለበት፡፡ ቀለበቱ የማን ነው? ወረቀቱን ያመጣውስ ማን ነው? ወረቀቱ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፡፡

ዛሬ ይኸው ጥያቄ በኮምፒዩተሮች መካከል ይነሳል፡፡ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ሲስተሞቻቸውን የሚያገናኙት ኤፒአይ በሚባል በር ሲሆን፣ በሩ ላይ የሚታየው የይለፍ ወረቀት ቶክን ይባላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦውዝ 2.0 በስፋት የሚጠቀምበት ቶክን “ለአምጪው የሚከፈል” እንደሚባለው ቼክ ነው፤ የያዘው ሁሉ ይስተናገድበታል፡፡

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘውን የፋይዳ መታወቂያ እንውሰድ፡፡ አንድ ሰው አራዳ ውስጥ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ በፋይዳ ሒሳብ ሊከፍት ቢፈልግ፣ ወደ መታወቂያው ገጽ ተመርቶ በስልኩ በሚደርሰው የሚስጥር ቁጥር ማንነቱን ያረጋግጣል፤ የትኛው ድርጅት ምን መረጃ እንደጠየቀው አይቶም ይፈቅዳል፡፡ ከዚህ በኋላ ግን ተራው የባንኩ ፕሮግራም ነው፡፡ ቶክን ከመቀበሉ በፊት በራሱ የሚስጥር ቁልፍ የፈረመውን አጭር መግለጫ ያቀርባል፤ መታወቂያ ሰጪው ደግሞ ፊርማውን አስቀድሞ ከተመዘገበው የአደባባይ ቁልፍ ጋር ያመሳክራል፡፡ ሰውየው ለብቻ፣ ጠሪው ፕሮግራም ለብቻ ታወቁ ማለት ነው፡፡

ብዙ ሲስተም ሠሪዎች የሚሳሳቱት ሁለተኛውን ሲዘነጉ ነው፡፡ አንዳንዶቹ ፕሮግራሙ ስለራሱ የላከውን ስም እንዳለ ይመዘግባሉ፤ ይህ ዘበኛ በር ላይ “ማን ልበል?” ብሎ የተባለውን ከመጻፍ አይለይም፡፡ ሌሎች ደግሞ የሚስጥር ቃሉን በሞባይል መተግበሪያው ውስጥ ይቀብሩታል፡፡ መተግበሪያውን ያወረደ ጎበዝ ልጅ ፈልፍሎ ሊያወጣው ስለሚችል፣ ሚስጥር መሆኑ ያበቃል፡፡

የጠሪው ስም መነበብ ያለበት ሰጪው ፈርሞ ካወጣው ቶክን ውስጥ ነው፡፡ ጄደብሊውቲ በተባለው ቅርጽ ለሚሠሩ የኦውዝ ቶክኖች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ደንብ የጠሪው መለያ በቶክኑ ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳል፡፡ ቶክኑ ለየትኛው አገልግሎት እንደተሰጠም አብሮ መታየት አለበት፤ ካልሆነ ለሌላ አገልግሎት የተሰጠ ቶክን ባንክ ቤት ሊሠራ ነው፡፡

ይህም ሆኖ የተሰረቀ ቶክን የሚናገረው የመጀመሪያ ባለቤቱን ስም ነው፡፡ መድኃኒቱ ቶክኑን ከጠሪው ቁልፍ ጋር ማሰር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2023 የወጡ ሁለት ደንቦች መንገዱን አሳይተዋል፡፡ ሥራው ቀላል አይደለም፤ ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ሲስተም ግን ይገባዋል፡፡

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም፡፡ “መረጃዬን ማን አየው?” ለሚል ሰው “አንተው ራስህ ፈቅደሃል” ማለት መልስ አይሆንም፡፡ ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሦስት ፕሮግራሞች በአንድ መለያ ሲሠሩ ነው፡፡ የአንዱ ቁልፍ ቢሰረቅ መለያውን መዝጋት ሦስቱንም መዝጋት ይሆናል፤ ገበያ በደራበት ቅዳሜ ይህን የሚደፍር ኃላፊ አይገኝም፡፡