ፒክአፕ ለማሳጠር የት ይቆረጣል?

እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 የተመረተው የአሜሪካው ሼቭሮሌ ሲ-10 ፒክአፕ በሁለት ርዝመት ለገበያ ይቀርብ ነበር። የአንዱ የጭነት ሳጥን 8 ጫማ ገደማ፣ የሌላው 6 ጫማ ተኩል ገደማ ነው። ረጅሙ የሥራ መኪና ስለነበር ዛሬም በብዛት ይገኛል፤ አጭሩን ግን የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ተወዷል። ረጅሙን በርካሽ ገዝተው ቤታቸው ባለ ጋራዥ የሚያሳጥሩ አሜሪካውያን የበዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ላሜራ ቆርጦ መልሶ መበየድ ይመስላል። ሆኖም ከኋላ አክስል በስተኋላ የሚቆረጥ 30 ሳንቲሜትርና ከአክስሉ በስተፊት የሚቆረጥ 30 ሳንቲሜትር መኪናውን የሚለውጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። መጋዝ ከማንሳት በፊት መታወቅ ያለበትም ይኸው ነው።

ከአክስሉ በስተኋላ

ከኋላ ጎማ አልፎ የሚወጣው የመኪናው ጫፍ ከጉድጓድ ሲወጡ መሬት የሚነካው ክፍል ነው። የኋላ መከላከያው ከመሬት 50 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከአክስሉ 110 ሳንቲሜትር ርቆ ከወጣ፣ መኪናው ሳይነካ ሊወጣው የሚችለው ተዳፋት በግምት 24 ዲግሪ ነው። ከዚህ ላይ 30 ሳንቲሜትር ሲቀነስ 32 ዲግሪ ይደርሳል። ድንጋያማ መንገድ የሚያዘወትሩ የቶዮታ ፒክአፕ ባለቤቶች ጭራውን ብቻ የሚቆርጡት ለዚህ ነው።

ጥቅሙ በጭነት ላይም ይታያል። አክስሉ እንደ ሚዛን መሃል ሆኖ ያገለግላል፦ ከበስተኋላው የተጫነ ዕቃ የመኪናውን ፊት ያነሳል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3.23 ሜትር በሆነው ረጅሙ ሲ-10 ላይ፣ ከኋላ አክስል 1 ሜትር ርቆ የተቀመጠ 300 ኪሎ ግራም ከፊት ጎማዎች ላይ 93 ኪሎ ግራም ያህል ያቀልላል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪ ይሳሳል፤ የፊት ፍሬንም አቅም ያጣል። ጭራው ሲያጥር ጭነት ያን ያህል ርቆ የሚቀመጥበት ቦታ አይኖርም።

ከአክስሉ በስተፊት

እዚህ የሚቆረጠው ሻንሲው ጭምር ነው። አክስሉ ወደ ፊት ሲመጣ የሲ-10ው የአክስል ርቀት ከ3.23 ወደ 2.92 ሜትር ይወርዳል። መኪናው በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ ጉብታ ሲሻገርም ሆዱ በቀላሉ አይነካም። በአንጻሩ ያው 300 ኪሎ ግራም በዚያው 1 ሜትር ላይ ቢቀመጥ ከፊት የሚያቀልለው ወደ 103 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ስለዚህ ከአክስሉ በስተፊት ያለውን ብቻ አሳጥሮ ጭራውን እንዳለ መተው መኪናውን ያዳክመዋል።

ሲ-10ን በትክክል የሚያሳጥሩ ሰዎች በሁለቱም ወገን ይቆርጣሉ፦ ከፊት 30 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቀሪውን ከኋላ። የሳጥኑ ጎን ላይ ያለው የጎማ ቅስት በአዲሱ የአክስል ቦታ ላይ ልክ መግጠም ስላለበት የሳጥኑ ላሜራም በዚሁ መጠን ሁለት ቦታ ይቆረጣል።

ብረትና ሙቀት

በሁለት አክስሎች መካከል ጭነት ሲያርፍ የሻንሲው የላይኛው ከንፈር ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠና የተበየደ መጋጠሚያ ድክመቱን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያከማቻል። ባለሙያዎች በሰያፍ ወይም በደረጃ ቅርጽ ቆርጠው መጋጠሚያውን ያራርቁታል፤ በጎኑም ጫፉ የሾለ ማጠናከሪያ ብረት ይደርባሉ። ጫፉ የሚሾለው ኃይሉ በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እንዲተላለፍ ነው። ይህ ብየዳ የሰው ሕይወት የሚሸከም በመሆኑ ልምድ ላለው በያጅ መተው አለበት።

የሳጥኑ ላሜራ ፈተናው ሌላ ነው። 1 ሜትር ብረት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በብየዳ የጋለው ቦታ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ስለሚይዘው መርዘም አቅቶት ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰብና ላሜራውን ያጣምመዋል። መፍትሔው ተራርቀው በሚገኙ ነጥቦች ላይ ጥቂት በጥቂት መበየድ፣ በየመካከሉም እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ነው።

ከብየዳ በፊት የባትሪው ሽቦ ይነቀላል። በእነዚህ ዓመታት ሲ-10 የነዳጅ ጋኑ ካቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ጀርባ ስለሆነ ለመቁረጡ አያስቸግርም፤ ሆኖም ለእሳት እንዳይጋለጥ መውጣት አለበት። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ስለሚያሳምም ቀለሙም ዚንኩም ቀድሞ ይፋቃል። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው የኃይል ዘንግም አክስሉ በቀረበበት ልክ ማጠር ይኖርበታል። በአውራ ጎዳና ላይ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ያለ ሚዛን ማስተካከያ መኪናውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል።

እንግዲህ ውሳኔው የሚነሳው ከመኪናው አገልግሎት ነው። 8 ጫማ ርዝመት ያለው የአሜሪካ ኮምፖርሳቶ የሚጭን ሰው ረጅሙን ሳጥን ባይነካው ይሻለዋል። አስቸጋሪ መንገድ የሚሄድ ጭራውን ብቻ ቆርጦ ሻንሲውን ከአክስሉ በስተፊት እንዳለ ይተው። ሁለቱንም ወገን መቁረጥ የሚገባው የሻንሲውን ብየዳ፣ የዘንጉንና የፍሬን መስመሩን ሥራ በሙሉ ለመጨረስ ዝግጁ የሆነ ሰው ነው።